አልማዝ ባለጭራ ትቶብኝ የሄደው ሕመምና የመርፌ ሐኪሞቹ ክርክር

ልጆቹ ናቸው ንገሪን ያሉኝ። እዚህ አሜሪካ፣ ቨርጂኒያ ውስጥ አሌክሳንድሪያ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ የምንገናኝባት ትንሽ ማኅበር አለችን። እዚያ የሚመጡት ወጣቶች፣ ነርስ የሆኑትም ታክሲ የሚነዱትም፣ አንድ ቀን ከበቡኝና፣ "እማማ የሺ፣ እናቶቻችንን ይዘን ከሐኪም ሐኪም እየዞርን ነው፤ እርስዎ ያለፉበትን ቢነግሩን" አሉኝ። መናገር ስጀምር ደግሞ ከአንዱ ወደ አንዱ እየዘለልኩ አደከምኳቸው መሰለኝ፣ አንዷ ሳቅ ብላ "ባይሆን ይጻፉልን" አለች። ትምህርት ቤት ደጃፍ አልረገጥኩም። ፊደል የቆጠርኩት ደሴ ክር እየሸጥኩ በምኖርበት ጊዜ በመሠረተ ትምህርት ነው። እንግዲህ ጽሕፈቱ ቢንጋደድ፣ ነገሩም ቢንዛዛ ታገሡኝ።

ሕመሙ የጀመረኝ ልጄ ሰላም የመጨረሻ ልጇን ናታንን በወለደች ሰሞን ነው። ሰላም ነርስ ናት፤ ለአራስነቷ የተሰጣት ፈቃድ አጭር ስለሆነ ሕፃኑን እኔ ነበርኩ የማጥበው፣ እኔ ነበርኩ የማስተኛው። አንድ ቀን ጠዋት ከግራ ጡቴ ሥር እንደ ፍም የሚያቃጥል ነገር ተሰማኝ። ልጅ ሳነሣ ጡንቻ ዞሮብኝ ነው ብዬ ዝም አልኩ። ማግስቱን ባሰ። ወደ ጀርባዬ ዞሮ ይወጋኝ ጀመር። ሰላም ስቀመጥ ፊቴን አየችና፣

"እማዬ፣ ምን ሆነሻል?" አለችኝ።

"ምንም።"

"ምንም ያልሆነ ሰው እንዲህ አይቀመጥም። ተነሺ፣ ልብሽ ቢሆንስ!"

ኢመርጀንሲ ወሰደችኝ። የዚያ መጠበቂያ ክፍል ነገር የማይረሳኝ ነው። አንዱ እጁን በፎጣ ጠቅልሎ ቴሌቪዥኑን አፍጥጦ ያያል፤ አንዲት አሮጊት፣ የየት አገር ሰው እንደሆነች እንጃ፣ መቁጠሪያዋን ይዛ ከንፈሯን ታንቀሳቅሳለች። ዓይን ለዓይን ስንጋጠም ራሷን ነቅነቅ አደረገችልኝ፤ እኔም አደረግሁላት። በቋንቋ አንግባባም፤ ግን አንዷ ለሌላዋ እንደጸለየች አውቃለሁ። ከዚያ ተጠራሁ። ነርሷ "ሕመምዎ ከዜሮ እስከ አሥር ስንት ነው?" ብላ ጠየቀች፤ ሰላም አስተረጎመችልኝ።

"ተመስገን በያት" አልኩ።

"እማዬ፣ ተመስገን ቁጥር አይደለም!"

"እሺ፣ ሁለት በያት።"

እናንተም ታውቁታላችሁ። እኛ ዘንድ ሰው "እንዴት ነሽ" ሲባል እያቃሰተም ቢሆን "እግዚአብሔር ይመስገን" ይላል። ለማያውቁት ሰው፣ ያውም ደክሞት ለቆመ ሰው፣ "አመመኝ፣ ተቃጠልኩ" ማለት ነውር ይመስለናል። እኔም ሁለት አልኩ፤ እነሱም ሁለት ብለው ጻፉ። ልቤን በማሽን አዩት፤ ደህና ነው አሉ። የጡንቻ ነው ብለው ማስታገሻ ሰጥተው ሸኙኝ። ሳይሻለኝ ሲቀር ሌላ ክሊኒክ ሄድን፤ እዚያም እንዴት ነሽ ሲሉኝ ያው ተመስገን አልኩ፤ የጨጓራ ክኒን ሰጡኝ። ማንንም አልወቅስም። በነገርኳቸው ልክ ነው ያከሙኝ።

ከዚያ ወጣ። ከጡቴ ሥር እስከ ጀርባዬ እንደ መቀነት የዞረ፣ ውኃ የቋጠረ ሽፍታ። ጎረቤቴ እትዬ አበበች ብድግ ብላ አየችና፣ "አይ የሺ! ይኼማ አልማዝ ባለጭራ ነው። ሸረሪት ተኝተሽ ሄዳብሻለች። ሐኪም አያውቀውም" አለችኝ። እኔም አመንኩ። በልጅነቴ የሰማሁት እንደዚያው ነበራ። ፌጦ በሎሚ ለውሳ ቀባችኝ። ልጆቼ፣ ይኼን ለጠላቴም አልመኝም! እሳት ላይ በርበሬ ነው። ሰላም ከሥራ ገብታ ሽታው ሲመታት ሸሚዜን ገለጠችና፣ "እማዬ! ፌጦ? ፌጦ!" ብላ እዚያው ቁጭ አለች። ስታለቅስና ስትስቅ በአንድ ጊዜ ነው።

ሐኪሙ ነገሩን አስረዳን። በእንግሊዝኛ ሺንግልስ ይባላል። ልጅ ሳለን የያዘን የጉድፍ ቫይረስ ከነርቭ ሥር ተኝቶ ይኖርና፣ ሰው ሲያረጅ ወይም ሲደክም ይነሣል። ሸረሪት የለችበትም። መድኃኒት አለው፤ መድኃኒቱ ግን ሽፍታው ብቅ እንዳለ ወዲያው ካልተጀመረ ጉልበቱ ይቀንሳል። እኔ በፌጦ አሳለፍኩት። ስለዚህ በአንድ ወገን ብቻ የሚያቃጥል ሽፍታ ያየ ሰው፣ በዚያው ቀን ሐኪም ዘንድ ይሂድ። ይኼን ብቻ ይዛችሁ ሌላውን ብትረሱ አይከፋኝም።

በዚያ ላይ ቁስሉ እስኪደርቅ ሕፃኑን እንዳልነካ ተከለከልኩ፤ ጉድፍ ይይዘዋል ተብሎ። በር ዘግቼ ሲያለቅስ እሰማዋለሁ።

ቁስሉ ደረቀ። ሕመሙ ግን አልሄደም። ነርቩ ተጎድቶ ነው ይላሉ፤ ሽፍታው ሄዶ እሱ ብቻውን ይቀራል። እንዴት ልንገራችሁ? ሸሚዝ ስለብስ ሳማ የለበስኩ ያህል ነው። ነፋስ ሲነካኝ ያቃጥለኛል። ከልብስ ሁሉ የምችለው አንድ የሟች ባሌ ስስ ጋቢ ብቻ ነበር፤ እሱንም በአንድ ትከሻ አጣፍቼ። ቤተ ክርስቲያን ቀረሁ፤ ማን ጋቢ በአንድ ትከሻ ጥሎ ያስቀድሳል? ከሁሉ የባሰው ግን ናታን ነው። ስይዘው እግሩን ያወራጫል፣ ጎኔን ይመታኛል፤ እጮኻለሁ፤ እሱ ይደነግጥና ያለቅሳል። ኋላ ኋላ እኔን ሲያይ ፊቱን ማዞር ጀመረ። ሌሊቱን የምፈራው ሞትን አልነበረም፤ ይኼ ልጅ እኔን እየፈራኝ ሊያድግ ነው ብዬ ነው።

የነርቭ ሐኪሙ ክኒን ሰጠኝ። ትንሽ ያደነዝዘኛል፤ ግን ወለሉ እንደ ጀልባ ይወዛወዝብኛል። አንድ ጊዜ ኩሽና ውስጥ ወደቅሁ፤ ደግነቱ አልተሰበርኩም። መጠኑን ቀነሱልኝ። አንዱ ሐኪም ልቤን ያያል፣ አንዱ ቆዳዬን፣ አንዱ ነርቬን። ሁሉም ጨዋ፣ ሁሉም አዋቂ። እኔ ግን በልቤ "የሺን ማን ነው የሚያያት?" እል ነበር።

የቤተሰብ ሐኪማችን ናት በመጨረሻ "አኩፓንክቸር አንዳንድ ሰው ይረዳል፤ መሞከር ይቻላል" ያለችው። አኩፓንክቸር ማለት ከፀጉር እምብዛም የማይወፍር መርፌ በተለያየ ቦታ ሰውነት ላይ የሚሰካበት የቻይናና የኮሪያ ሕክምና ነው። ነፍስ አባቴን ጠየቅኋቸው፤ "መርፌ መርፌ ነው፤ ጸሎትሽን ብቻ አትተዪ" አሉኝ። ሰላም ናት ያስቸገረችው።

"እማዬ፣ ማንም ተነሥቶ መርፌ እንዲወጋሽ አልፈቅድም። ስፔሻሊስት ካልሆነ አልወስድሽም።"

እኔ መኪና አልነዳም። አልወስድሽም ካለች አለቀ።

ማሪላንድ ውስጥ ሲልቨር ስፕሪንግ አንዲት ኮሪያዊት የመርፌ ሐኪም እንዳለች የሰማነው ከማኅበራችን ሴቶች ነው። ሚስስ ሃን ትባላለች፤ ዕድሜዋ ከኔ ብዙም አያንስም። የወንዙን ድልድይ ተሻግረን፣ በልትዌይ በሚሉት አውራ ጎዳና ላይ ተጨናንቀን ደረስን። ደግነቱ ፊት ለፊት የተቀመጠችው ልጅ የኛው አገር ልጅ ሆነች። ሕይወት ትባላለች። "እማማ፣ እንኳን ደህና መጡ፤ እዚህ ይሻልዎታል፣ ይኼ ወንበር ጀርባ አይነካም" ብላ አስቀመጠችኝ። ሰው ሲያምመው ጀርባ የማይነካ ወንበር ያዘጋጀለትን አይረሳም።

ሰላም ገና ከመቀመጧ "በሕመም ስፔሻሊስት ነሽ? ቦርድ ሰርቲፋይድ ነሽ?" ብላ ጠየቀቻት። ቦርድ ማለት ሐኪም ከፈቃዱ በላይ በአንድ ነገር ተለይቶ ተፈትኖ የሚመሰከርበት ነው፤ እንደ ልብ ሐኪም።

ሚስስ ሃን እጇን ጭኗ ላይ አድርጋ መለሰች። "የስቴቱ የሥራ ፈቃድ፣ ላይሰንስ አለኝ። ተምሬ ተፈትኜ ነው። በኛ ሙያ የስፔሻሊስት ቦርድ ይኑር አይኑር ገና እየተከራከርን ነው። እኔ አይኑር ከሚሉት ነኝ። ስለዚህ ስፔሻሊስት ነኝ ብልሽ ውሸት ነው።"

ሰላም አመሰገነቻትና ቦርሳዋን አነሣች። መኪና ውስጥ "ቢያንስ አልዋሸችም" አልኳት። "አለመዋሸት ሕክምና አይደለም እማዬ" አለችኝ። ነርስ ናት፤ በሷም አልፈርድም። በመሥሪያ ቤቷ ሁሉም ሰው ማን እንደሆነና ምን እንደተፈቀደለት ደረቱ ላይ ለጥፎ ነው የሚዞረው።

ከዚያ ራሷ ፈልጋ ፌርፋክስ አንድ ሰው አገኘች። መስኮቱ ላይ "የነርቭ ሕመም ስፔሻሊስት" ተብሎ በትልቁ ተጽፏል፤ ግድግዳው በሰርተፊኬት ተሸፍኗል። ደግ ሰው ነበር፤ ግን ቸኩሏል። መርፌዎቹን ዙሪያውን እዚያው የሚያመኝ ቦታ ላይ ሰካና ኤሌክትሪክ ነገር አገናኘባቸው። "ኦኬ ነሽ?" ይለኛል። "ኦኬ፣ ተመስገን" እላለሁ። "ትንሽ ልጨምር?" ይላል። "ኦኬ" እላለሁ። ጥርሴን ነክሼ የእግሬን ጣቶች ሰብስቤ! በምን አፌ ነው ሰውየውን በገዛ ሙያው በቃህ የምለው? እቤት ስደርስ ጎኔ እንደ አዲስ ተቀጣጠለ። ሄድን፤ ደግመን ሄድን፤ ባሰብኝ። በስንተኛው እንደሆነ እንጃ፣ ሰላም "ይኼን ስፔሻሊስትነት የሰጠህ ማን ነው?" ብላ ጠየቀችው። እሱም አልደበቀም፤ ከሰርተፊኬቶቹ አንዱን አሳያት፤ ቅዳሜና እሁድ የተሰጠ ኮርስ ነው። ላይሰንስ አለው፤ ስሙን ግን ራሱ ነው ለራሱ ያወጣው።

ልጄ መኪናው ውስጥ ገብታ መሪውን ያዘች። ከዚያ፣ "ወደዚያችው ሴትዮ ልመልስሽ?" አለችኝ።

"መልሺኝ።"

"እስከ ስብሰባው ብቻ ነው" አለች። ለካ ሕይወት ነግራታለች፤ የማሪላንድና የቨርጂኒያ የመርፌ ሐኪሞች ስለዚሁ ስለ ቦርዱ ጉዳይ ሊነጋገሩ ሲልቨር ስፕሪንግ ላይብረሪ ቀጠሮ ይዘዋል፤ ታካሚም መምጣት ይችላል። "በጆሮዬ ሰምቼ ያኔ እወስናለሁ። ካልጣመኝ በክኒኑ ብቻ ትቀጥያለሽ።"

እንግዲህ የኔ ነገር በዚያ ስብሰባ ተንጠለጠለ።

ሰላም ከዚያ ወዲህ ወደ ክሊኒኩ አልገባም አለች። ደጃፉ ላይ ታወርደኝና "ፓርኪንግ እጠብቅሻለሁ" ትላለች፤ ፊቷ ቅጭም ብሎ። ሚስስ ሃን የሚያመኝን ጎን አልነካችውም። መርፌዎቹን በቀኝ እጄና በእግሮቼ ላይ ነበር የምትሰካው። አስቀድማ ግን የእጄን የደም ሥር በሦስት ጣቶቿ ይዛ ዓይኗን ትጨፍናለች። ከዚያ በስብርባሪ እንግሊዝኛዋ፣ በኔም በባሰው እንግሊዝኛ፣ ሕይወት እየገባችበት፣

"አልተኛሽም" ትለኛለች።

"ተኝቻለሁ፣ ተመስገን።"

"አልተኛሽም። ትላንት ልብስ መልበስ አልቻልሽም። ሕፃኑን ይዘሽ ጮኸሻል።"

ሕይወትን "ነገርሻት እንዴ?" ብላት "እኔ ምን አውቄ እማማ!" አለችኝ። አሁንም እየደጋገመች እኔ የደበቅሁትን ሁሉ ከደም ሥሬ ታነበዋለች። የሚወጋኝ ሲበዛ ትቀንሳለች፤ ደህና ነኝ ማለቴን ከቁም ነገር አትቆጥረውም። አንድ ቀን አልጋው አጠገብ ብርጭቆ የሚመስሉ ነገሮች አየሁና ምንድናቸው አልኳት። በአየር ቆዳ እየሳቡ የሚጣበቁ ናቸው። ሳቅሁ። "ይኼማ ዋግምት ነው! እኛ በቀንድ እናደርገዋለን!" በእጄ ቀንድ ሠርቼ፣ ጀርባዬን እያሳየሁ፣ ሕይወት እስክትደነግጥ ሳቅን። "ለኔም አድርጊልኝ" ብላት ግን፣ "ላንቺ ቆዳ አይሆንም፤ አላደርግም" አለች። ይኼን ልብ በሉት፤ ኋላ እመጣበታለሁ።

ቀስ በቀስ ሳማው ደከመ። ለአንድ አፍታ ሸሚዝ መልበስ ቻልኩ፤ ከዚያ እስከ ምሳ፣ ከዚያ እስከ ማታ። እውነቱን ልንገራችሁ፤ መርፌው ነው፣ ክኒኑ ነው፣ ወይስ ጊዜው ነው ያሻለኝ አላውቅም። ክኒኑንም አልተውኩም ነበር፤ ሚስስ ሃን ራሷ "ሐኪምሽን ሳትጠይቂ አታቋርጪ" ትለኝ ነበር። እኔ ለሁሉም አመስግኛለሁ።

እዚያ ክሊኒክ አብሯት የሚሠራ ዳንኤል የሚባል ወጣት ሐኪም ነበር፤ እሷ ናት ያስተማረችው። ይዋደዳሉ፤ ግን በዚህ በቦርድ ነገር ቀን በቀን ይከራከራሉ። የፌርፋክሱን ነገር ሕይወት ስትነግራቸው ዳንኤል ጠረጴዛውን መታ አደረገ።

"ይኸው! ለዚህ ነው ቦርድ የሚያስፈልገው። እውነተኛ ፈተና ቢኖር ማንም መስኮቱ ላይ ስፔሻሊስት ብሎ አይጽፍም ነበር።"

ሚስስ ሃን መርፌዋን እየጣለች፣ "ይኸው! ለዚህ ነው የማያስፈልገው። ሴትዮዋን ያሳታት ያው ስፔሻሊስት የሚለው ቃል አይደለም?" አለች።

አንድ ነገር ለሁለቱም ማስረጃ ሲሆን ያየሁት ያኔ ነው።

እና ምን ሆነ መሰላችሁ? ዳንኤል ወደ ጎን ጠራኝና "እማማ፣ ስብሰባው ላይ የደረሰብዎትን ይንገሩልን፤ ለቦርዱ ይመስክሩ" አለኝ፤ ሕይወት ናት ያስተረጎመችው። ያከበረኝን ልጅ እንቢ ልበለው? እሺ አልኩ። በሳምንቱ ሚስስ ሃን እጄን ይዛ "መጥተሽ ተናገሪ፤ ሰው እንዴት ሙሉውን እንደሚታከም ንገሪያቸው፤ ቦርድ አይሁን በይ" አለችኝ። ያሻለችኝን ሴት እንቢ ልበላት? እሷንም እሺ አልኩ።

"እማማ፣ ለሁለቱም እሺ አሉ እኮ!" አለች ሕይወት ራሷን ይዛ።

"ታዲያ ምን ላድርግ?"

"እኔ ምን አውቄ! እንደ ሽማግሌ መሀል ይግቡ።"

ስብሰባው ቀን አዳራሹ ሞላ። ፈረንጁም፣ ቻይናውም፣ ኮሪያውም ነበር። ሰላም አጠገቤ እጇን አጣምራ ተቀመጠች። አንድ ጎኑ እንዲህ አለ፦ ሆስፒታሎች ሰው የማይልኩልን ማን ምን እንደሚያውቅ ስለማይለዩ ነው፤ በሕመም፣ በሴቶች ሕክምና፣ በካንሰር የተለየ ፈተና ይኑር፤ ታካሚው ይጠበቅ። ሌላው ጎን እንዲህ አለ፦ የኛ ሕክምና ሰውን አይከፋፍልም፤ ራስ ምታት የሚያክመው ስለ ሆድ መጠየቅ ይተዋል፤ በተጨማሪ ፈተናው በእንግሊዝኛ ይሆንና ያረጁት አዋቂዎች ከበር ይቀራሉ፤ ወጪውም ዞሮ በታካሚው ላይ ይወድቃል። ሁለቱም እውነት አላቸው። ሕይወት በጆሮዬ ስታንሾካሹክልኝ አንገቴን ለሁለቱም እነቀንቃለሁ። ሰላም ጎሸም አደረገችኝ፤ "አንዱን ምረጪ!" አለችኝ።

ተጠራሁ። ሸሚዝ ለብሼ ነበር፤ በስንት ጊዜዬ። ሕይወት አጠገቤ ቆመች።

"እኔ ያልተማርኩ ሴት ነኝ" አልኩ። "ደሴ ሳለሁ ይማም የሚባል ወጌሻ ነበር፤ የተሰበረ አጥንት የሚጠግን። ባሌ ከበቅሎ ወድቆ ይዤው ሄድኩ። ይማም የባሌን የተሰበረ እጅ ዳበሰና ጠገነው። ከዚያ ሆዱን ሲነካው ባሌ ጮኸ። ይማም እጁን አነሣ። 'ይኼ የኔ አይደለም፤ አሁኑኑ ሆስፒታል ውሰጂው' አለኝ። ውስጡ ደምቶ ነበር። ያንን ባይለኝ ያኔ ነበር የምቀብረው። ይማምን ወጌሻ ያደረገው አጥንት ማወቁ ነው፤ ባሌን ያተረፈው ግን 'የኔ አይደለም' ማለቱ ነው። ፌርፋክስ የሄድኩበት ሰው ደግ ነበር፤ ይኼ የኔ አይደለም ማለት ግን አልቻለም፤ መስኮቱ ላይ የኔ ነው ብሎ ጽፎበታላ። እኔም ጥፋት አለብኝ፤ አመመኝ አላልኩትም። እንግዲህ እናንተ የምታቋቁሙት ቦርድ ሰውን 'ይኼ የኔ አይደለም' እንዲል የሚያስተምር ከሆነ አቋቁሙት። 'ይኼ የኔ ነው' ብቻ የሚያሰኝ ከሆነ ተዉት። እኔ ከዚህ በላይ አላውቅም። ለሁላችሁም እግዚአብሔር ይስጥልኝ።"

ሕይወት ተርጉማ ስትጨርስ ዳንኤልም አጨበጨበ፣ ሚስስ ሃንም አጨበጨበች። እያንዳንዳቸው ለኔ ተናገረች ብለው ነው መሰለኝ።

ሰላም ግን አላጨበጨበችም። ሰው ሲበተን ቀጥ ብላ ሚስስ ሃን ዘንድ ሄደች። እኔ ከኋላዋ ተከተልኳት። አሁን ይቁም ልትል ነው፤ ሸሚዙም ልጁም አበቃ ብዬ።

"እናቴ ላይ የማታደርጊው ምንድን ነው?" አለቻት።

ሚስስ ሃን ወዲያው መለሰች። ቆዳዬ ላይ ዋግምት እንደማታደርግ፣ የታመመውን ጎን እንደማትወጋ፣ የነርቭ ሐኪሜን ክኒን እንደማትነካ ነገረቻት። ዓይኔ አጠገብ ሽፍታ ካየች በዚያው ሰዓት ወደ ሆስፒታል እንደምትልከኝ፣ ለውጥ ሲቆምም ራሷ በቃሽ እንደምትለኝ ነገረቻት። ዳንኤል አጠገቧ ቆሞ ነበር፤ "እኔም ብሆን ይኼንኑ ነበር የምለው" አለ። አስተማሪና ተማሪ ተያይተው ፈገግ አሉ። ያን ቀን የተስማሙበት ይኼ ብቻ ሳይሆን አይቀርም።

ሰላም መኪናውን አስነሣች። ወንዙን ስናልፍ፣

"እማዬ፣ የማክሰኞ ቀጠሮሽ ስንት ሰዓት ነው?" አለችኝ።

ቀጠልኩ። ክረምቱ ሳይገባ ቤተ ክርስቲያን ሙሉ ልብስ ለብሼ አስቀደስኩ። ናታን መጀመሪያ ራቅ ብሎ አየኝ፤ ከዚያ ዳዴ እያለ መጣ፤ ጎኔ ላይ ወጣብኝ። እግሩን አወራጨ። አመመኝ እንዴ? ትንሽ። ግን አልጮኽኩም፤ እሱም አልፈራም። እዚያው ጎኔ ላይ እንቅልፍ ወሰደው፤ ምራቁ ሸሚዜን እስኪያርሰው አልተንቀሳቀስኩም። ሚስስ ሃንም ቃሏን ጠብቃ፣ ለውጡ ሲቆም "በቃሽ፤ ሌላ ሰው ወንበርሽን ይፈልገዋል" ብላ አሰናበተችኝ። ዛሬም ዝናብ ሲመጣ ጎኔን ይቆጠቁጠኛል። እኖርበታለሁ።

ልጆቼ፣ ሐኪም ስትይዙላቸው ለእናቶቻችሁ ይኼን ንገሯቸው፦ ተመስገን ለእግዚአብሔር ነው፤ ለሐኪም ግን የሚያመውን ቦታ ነው የሚነግሩት። ስፔሻሊስት ነኝ የሚላችሁንም ስሙን ማን እንደሰጠው ጠይቁት፤ ሰላም እንዳደረገችው የማያደርገውንም ጠይቁት። የክርክሩን መጨረሻ አትጠይቁኝ፤ እኔ እስከማውቀው ድረስ እንደተከራከሩ ናቸው። ዳንኤል የራሱን ክሊኒክ ኮሌጅ ፓርክ ከፈተ፤ መስኮቱ ላይ ስሙን ብቻ ነው የጻፈው አሉ። ሚስስ ሃን ጡረታ ወጣች።

ከዓመታት በኋላ ስካይላይን በሚባለው ሰፈር አንድ ክርስትና ድግስ ላይ ከሕይወት ጋር ጎን ለጎን ተቀመጥን። እሷም አግብታ ወልዳለች። የሚስስ ሃንን ጣቶች አነሣሁ። "ያቺ ሴትዮ እኮ ደም ሥሬን ይዛ ሌሊቴን ሁሉ ታነበው ነበር" አልኳት።

ሕይወት ሳቀች፤ ከዚያ ሳቋን ዋጥ አደረገችው። "እማማ፣ ብዙ ጊዜ ሆኖታል፤ ልንገርዎት? ሰላም ናት። እርስዎን ደጃፍ አውርዳ፣ እርስዎ ደረጃውን ሳይጨርሱ፣ ከፓርኪንግ ትደውልልኝ ነበር። 'ደህና ነኝ ትላችኋለች፤ አትመኗት። ሌሊቱን ቁጭ ብላ ነው ያደረችው' ትለኛለች። እኔ ለሚስስ ሃን እነግራታለሁ። እርስዎ ቢያውቁ ያፍራሉ ብላ ነው ያስማለችን።"

"እስከ መቼ?" አልኳት።

"እስከ መጨረሻው ቀጠሮ። በመጨረሻው ቀን የደወለችው፣ 'ዛሬ ሸሚዟን ራሷ ቆለፈች፤ ይኼንንም አትነግራችሁም' ልትለኝ ነው።"